እናቴ “ቴሎሜር የሚያስረዝመውን” እንክብል ትዋጥ ወይ?

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበቱ ዶክተር? የምጽፍልዎ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። እናቴ 68 ዓመቷ ነው፤ የምትኖረው አዲስ አበባ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ለጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምናና ኬሞ ጨርሳ አሁን ካንሰሩ እንዳይመለስ በየቀኑ ታሞክሲፌን የሚባል መድኃኒት ትወስዳለች። ክትትሏ እስካሁን ደህና ነው። እዚህ አብራኝ የምትሠራ አንዲት እህት “ቴሎሜርን የሚያስረዝም፣ እርጅናን የሚመልስ” ብላ እንክብል ሸጠችልኝ። የሦስት ወር ገዝቼ በሰው ላክሁላት። እሷ ግን “ሐኪም ሳልጠይቅ አልነካውም” ብላ ብልቃጦቹን ቁም ሳጥን ላይ ደርድራቸዋለች።

ሌላም የሚከነክነኝ ነገር አለ። አባቴ ስትሮክ ከመታው በኋላ እስኪያርፍ ድረስ ስድስት ዓመት ያስታመመችው እሷ ናት። ጭንቀት ቴሎሜርን ያሳጥራል፣ የቴሎሜር ማጠር ደግሞ ካንሰር ያመጣል የሚል ቪዲዮ አየሁ። ያን ሁሉ ዓመት እኔ እዚህ ነበርኩ። ካንሰሩ የመጣባት በዚያ ምክንያት ይሆን? ቴሎሜር ምን እንደሆነም ከሥሩ ቢያስረዱኝ ደስ ይለኛል።
— ት.

መልስ፦ ልጄ፣ ይህን አንብበሽ እንደጨረስሽ ለእናትሽ ደውዪና ጥሩ አድርገሻል በያቸው። ብልቃጦቹም እንደታሸጉ ይቀመጡ። ከሥሩ እንዳስረዳሽ ስለጠየቅሽኝ መልሴ ረዘም ይላል፤ ታገሺኝ።

አባቴ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነበሩ። ልጅ ሆኜ ከጉድጓዱ ዳር ተቀምጬ ማጉን በቀሰም ላይ እያጠነጠንኩ አቀብላቸው ነበር። ከሸማኔ ቤት ያደገ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፦ ድሩ እስከ ጫፉ አይሸመንም። መወርወሪያው የሚያልፍበት ክፍተት እየጠበበ፣ እየጠበበ ይመጣና መጨረሻው ላይ ስንዝር ያህል ድር እርቃኑን ይቀራል። አባቴ ያንን ትርፍ ክር ጥንድ ጥንድ እያደረጉ ይገምዱትና ዘርፍ ይሆናል። ዘርፍ የሌለው ጋቢ ከጥቂት እጥበት በኋላ ከዳሩ መተርተር ይጀምራል።

ቴሎሜር የክሮሞዞም ዘርፍ ነው። ክሮሞዞም ማለት ከወላጆቻችን የወረስነው መመሪያ የተጻፈበት ረጅም የዲኤንኤ ክር ነው። በእያንዳንዱ የሰውነታችን ህዋስ ውስጥ 46 ክሮሞዞሞች አሉ፤ እያንዳንዱ ሁለት ጫፍ ስላለው 92 ዘርፍ መሆኑ ነው። በዘርፉ ላይ ሰውነታችን ፕሮቲን የሚሠራበት መመሪያ አልተጻፈም። የተጻፈው ስድስት ፊደል ነው፦ ቲ፣ ቲ፣ ኤ፣ ጂ፣ ጂ፣ ጂ። ይኸው ሐረግ ከሺህ ጊዜ በላይ ይደጋገማል። ስንወለድ የአንዱ ጫፍ ርዝመት በአማካይ ወደ 10 ሺህ ፊደል ይጠጋል።

ህዋስ ለሁለት ሲከፈል ዲኤንኤውን መገልበጥ፣ ማለትም ቅጂውን መሥራት አለበት። የሚገለብጠው ማሽን ግን እንደ አባቴ መወርወሪያ ነው፤ የመጨረሻዋ ጫፍ ላይ አይደርስም። ይህን ቀድመው ካስተዋሉት አንዱ ሩሲያዊው አሌክሲ ኦሎቭኒኮቭ ነው፤ ሐሳቡ የመጣለት ሞስኮ ውስጥ ምድር ለምድር የሚሄደውን ባቡር ሲጠብቅ ነበር። ባቡሩ ሐዲዱን እየገለበጠ የሚሄድ ቢሆን፣ እሱ ራሱ የቆመባትን ቁራጭ ሐዲድ መገልበጥ አይችልም ብሎ አሰበ። በ1971 አሳተመው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ)። እኔ ይህን ስማር የታየኝ ባቡር አልነበረም፤ የአባቴ ድር ነበር። የዚያን ቀን ማታ ቤት ገብቼ ስነግራቸው ሥራቸውን ሳያቋርጡ አዳመጡኝና “ታዲያ ያንን ዘርፍ ማን ይገምደዋል?” አሉኝ። ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነበር፤ ትንሽ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

እንግዲህ ህዋሱ በተከፈለ ቁጥር ዘርፉ ይቀንሳል። የሰው ነጭ የደም ህዋስ ላይ ቢለካ በዓመት ከ20 እስከ 40 ፊደል ያህል ይጠፋል። ሊዮናርድ ሄይፍሊክና ፖል ሙርሄድ ፊላደልፊያ ላይ በ1961 እንዳሳዩት፣ ከፅንስ የተወሰደ ህዋስ በላብራቶሪ ሳህን ላይ 50 ጊዜ ያህል ከተከፈለ በኋላ መከፈሉን ያቆማል። ከዚያ በፊት የኖቤል ተሸላሚው አሌክሲስ ካረል ህዋስ እስከተመገበ ድረስ ለዘላለም ይከፈላል ብሎ፣ ዓለም ለአሥርት ዓመታት ያመነው እሱን ነበር። ያቆመው ህዋስ ወዲያው አይሞትም። ቁጭ ይላል። ቁጭ ብሎም ዝም አይልም፤ ጎረቤቶቹን የሚያስቆጣ ንጥረ ነገር ይረጫል። ቆዳችን ሲሳሳ፣ ቁስላችን ቶሎ አልድን ሲል፣ የመከላከል አቅማችን ሲዳከም ከምክንያቶቹ አንዱ ይህ ነው። አንዱ ብቻ እንደሆነ ግን አስምሪበት። የልብ ጡንቻና የአንጎል ህዋሳት ከጉልምስና በኋላ እምብዛም አይከፈሉም፤ እነሱ የሚያረጁት በሌላ መንገድ ነው። “እርጅና ማለት ቴሎሜር ነው” ብሎ የሚሸጥልሽ ሰው ከመጀመሪያውም ሐሰት ነግሮሻል።

አሁን ወደ አባቴ ጥያቄ ልመለስ። ኤልዛቤት ብላክበርን፣ የአውስትራሊያዋ የታዝማኒያ ልጅ፣ ኩሬ ውስጥ የሚኖር ቴትራሃይሜና የሚባል ባለ አንድ ህዋስ ፍጡር ታጠና ነበር። የመረጠችው በአንዲት ህዋስ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ክሮሞዞሞች ስላሉት ነው፤ ክሮሞዞሙ ሲበዛ ጫፉም ይበዛል። የጫፉን ተደጋጋሚ ፊደል ያገኘችው በዚያ ነው። ቀጥሎ ተማሪዋ ካሮል ግራይደር በ1984 የፈረንጅ ገና ዕለት ላብራቶሪ ገብታ ውጤቷን ስታይ፣ ፊደሉን እየጨመረ ጫፉን የሚያረዝም ኢንዛይም እንዳለ የመጀመሪያውን ምልክት አገኘች። ስሙ ቴሎሜሬዝ ተባለ። ሁለቱ ከጃክ ሾስታክ ጋር በ2009 ኖቤል ተሸለሙ። ዘርፉን የሚገምደው ቴሎሜሬዝ ነው። ሽልማቱ ሲነገር አባቴ በሕይወት አልነበሩም፤ ብነግራቸው ምን ያህል ደስ ይለኝ ነበር።

ቴሎሜሬዝ በፅንስ፣ በዘር ህዋሳት፣ በጥቂቱም ደም በሚሠራው የአጥንት መቅኔና በአንጀት ውስጥ ባሉ፣ አዳዲስ ህዋሳትን በሚያፈሩ እናት ህዋሳት ይሠራል። በአብዛኛው የጎልማሳ ሰውነት ግን ጠፍቶ ነው የሚኖረው። ለምን ያጠፋዋል? ለእናትሽ የሚያስፈልገው መልስ እዚህ ላይ ነው።

አንድ ህዋስ ዕጢ ለመሆን ስንት ጊዜ መከፈል እንዳለበት አስቢው። መሪውን የሳተ ህዋስ እየተከፈለ፣ እየተከፈለ ሲሄድ ዘርፉ ያልቅበትና ይቆማል። ስለዚህ የቴሎሜር ማጠር ፍሬን ነው። በየቀኑ በሰውነታችን ውስጥ ሊያፈነግጡ የሞከሩ ስንት ህዋሳት በዚህ ፍሬን ተይዘው እንደቆሙ አናያቸውም። ካንሰር የሚሆነው ፍሬኑን የሚያልፍበት መንገድ ያገኘው ነው፤ ብዙውን ጊዜ መንገዱ የጠፋውን ቴሎሜሬዝ መልሶ ማብራት ነው። በ1994 የታተመ ጥናት 101 የዕጢ ናሙናዎችን መርምሮ በ90ዎቹ ቴሎሜሬዝ በርቶ አገኘ። በዚያው ጥናት ከተመረመሩት 50 ጤናማ የሰውነት ናሙናዎች በአንዱም አልተገኘም። 90 እና ዜሮ፤ በሕክምና ሳይንስ እንዲህ የጠራ ልዩነት ብዙ ጊዜ አይገኝም።

እኔ ለ31 ዓመት ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ የሰው ናሙና ሳነብ ኖሬያለሁ። የጡት ካንሰር ናሙና ሲመጣ ከምንቆጥራቸው ነገሮች አንዱ በመከፈል ላይ ያሉ ህዋሳት ብዛት ነው። አንዳንዴ ከመካከላቸው አንዱ ዓይንሽን ይይዘዋል። ክሮሞዞሞቹ ወደ ሁለት ወገን እየተጎተቱ፣ መሐላቸው ላይ ግን አንድ ቀጭን ወይን ጠጅ ክር እንደ ድልድይ ተወጥሮ ቀርቷል። ዘርፋቸው ያለቀባቸው ሁለት ክሮሞዞሞች ጫፍ ለጫፍ ሲጣበቁ እንዲህ ዓይነት ድልድይ ይፈጠራል። ህዋሱ ሲጎትተው ይበጠሳል፤ የተበጠሰው ጫፍ ደግሞ ከሌላ ጋር ይጣበቃል፤ ዘረመሉም ይተራመሳል። ባርባራ ማክሊንቶክ ይህን መሰበርና መጣበቅ በበቆሎ ላይ ያየችው ቴሎሜሬዝ ከመገኘቱ አርባ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ነው። ስለዚህ ቪዲዮው ያለሽ ግማሽ እውነት አለው፦ ፍሬኑን የሚጠብቁት ዘረመሎች፣ በተለይ ፒ53 የሚባለው፣ ከተበላሹ በኋላ ህዋሱ መከፈሉን ከቀጠለ የዘርፉ ማለቅ ራሱ ትርምስ ያመጣል። ሌላው ግማሽ ግን ተቃራኒው ነው፤ እሱን ደግሞ ሻጮቹ አይነግሩሽም።

በ2023 ከጆንስ ሆፕኪንስ የሜሪ አርማኒዮስ ቡድን ፖት1 የሚባለው ዘረመል ላይ በዘር የወረሱት ለውጥ ያለባቸውን 17 ሰዎች ታሪክ አሳተመ። ፖት1 ቴሎሜርን የሚያለብስ ፕሮቲን ነው። እሱ ሲጎድል ዘርፉ ከሰው ሁሉ ረዝሞ ይቀራል። ከእነዚህ ሰዎች አንዳንዶቹ በ70ዎቹ ዕድሜያቸው ሽበት አልነበራቸውም። ሽበት የሌለው 70 ዓመት! እንክብሉን የሚሸጡት ሰዎች የሚመኙት ይህንኑ ነው። ነገር ግን እነዚሁ ሰዎች ዕጢ በብዛት ይወጣባቸው ነበር፤ አደገኛ ያልሆነም፣ ካንሰር የሆነም፣ የደም ካንሰርም ጭምር። ፍሬናቸው የሚይዘው ዘግይቶ ስለሆነ፣ ያፈነገጠው ህዋስ ብዙ ዓመት ይከፈላል። በብዙ ሺህ ሰው ላይ የተደረጉ የዘረመል ጥናቶችም በተፈጥሮ ረዘም ያለ ቴሎሜር የወረሱ ሰዎች ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር፣ ግሊዮማ የሚባለው የአንጎል ዕጢና አንዳንድ የሳንባ ካንሰር ከፍ ባለ መጠን እንደሚያጋጥማቸው አሳይተዋል። የአጭሩም ችግር እውነተኛ ነው። በዘር ቴሎሜራቸው እጅግ ያጠረ ቤተሰቦች መቅኔያቸው በወጣትነት ይደክማል፣ ሳንባቸው ጠባሳ እየያዘ ይደድራል፣ ያለ ዕድሜያቸው ይሸብታሉ። ሰውነት በሁለቱ መሐል በጠበበ መንገድ ነው የሚሄደው።

ለዚህ ነው ስለ እንክብሉ የማልወላውለው። ወይ ብልቃጡ ላይ የተጻፈውን አያደርግም፤ ያኔ ገንዘብሽ ባክኗል። ወይ ያደርጋል፤ ያኔ ደግሞ የጡት ካንሰር ታክመው፣ ምናልባት አንዲት ያልታየች ህዋስ ተደብቃባቸው ሊሆን ለሚችል ሴት፣ ካንሰር ራሱ ሲፈልገው የሚኖረውን ቁልፍ በእጁ መስጠት ነው። አንቺ ባለሽበት አገር የምግብ ማሟያ ተብሎ የሚሸጥ ነገር ከመሸጡ በፊት እንደ መድኃኒት ፈውሱን እንዲያረጋግጥ በምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በኤፍዲኤ አይገደድም። በዚያ ላይ ታሞክሲፌን ጉበት ውስጥ ወደ ጠንካራው መልኩ ተለውጦ ነው የሚሠራው፤ አንዳንድ ከዕፅ የሚዘጋጁ እንክብሎች በዚያ ሥራ ላይ ጣልቃ ይገባሉ። እናትሽን ዛሬ እየጠበቃቸው ያለው ታሞክሲፌኑ ነው።

የካንሰር ሐኪሞች ምኞት ደግሞ በተቃራኒው ቴሎሜሬዝን ማጥፋት ነው። ኢሜቴልስታት የሚባል ቴሎሜሬዝን የሚያግድ መድኃኒት በ2024 አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል። የተፈቀደው ለአንድ ዓይነት የመቅኔ በሽታ እንጂ ለጡት ካንሰር ስላልሆነ እሱንም ፍለጋ እንዳትወጪ። የጠቀስሁልሽ ሳይንሱ ወደየት አቅጣጫ እንደሚሮጥ እንድታዪው ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ ልምጣ። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ ያነበብሁት በእሱ ምክንያት ነው።

ቪዲዮው የተነሳው በ2004 ከታተመ ጥናት ይመስለኛል። ኤሊሳ ኤፔል፣ ብላክበርንና ባልደረቦቻቸው 58 እናቶችን አጠኑ፤ 39ኙ ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ልጅ የሚያስታምሙ፣ 19ኙ ጤናማ ልጅ ያላቸው። ከሚያስታምሙት መካከል ብዙ ዓመት ያስታመሙት የነጭ የደም ህዋሳቸው ቴሎሜር አጠር ብሎ ተገኘ። ጥናቱ ክቡር ነው፤ የሚያስታምም ሰው ድካም በደሙ ሊነበብ እንደሚችል አሳይቷል። ነገር ግን የለካው ደም ነው፤ ጡት አይደለም። ካንሰር ያዛቸው አልያዛቸውም ብሎ አልተከታተለም። በአንድ ጊዜ የተለካ ስለሆነ የቱ ከየቱ እንደመጣም አይለይም። ከዚያ ተነስቶ “ባልሽን ስላስታመምሽ ካንሰር ያዘሽ” ማለት ሳይንስ ውስጥ ቦታ የለውም። ለጡት ካንሰር በደንብ የታወቁት ምክንያቶች ዕድሜ፣ ሴት መሆን፣ የቤተሰብ ታሪክና ከሆርሞን ጋር የተያያዙ ነገሮች ናቸው። በየአንዳንዷ ሴት ላይ ለምን እንደመጣ በአብዛኛው በማይክሮስኮፕም አይታይም። እኔ በሺዎች የሚቆጠሩ ናሙናዎች አንብቤ አንዱ ላይ እንኳ የልጅ ጥፋት ተጽፎ አላየሁም። ያን ስድስት ዓመት እናትሽ የአባትሽን መድኃኒት ያለ ገንዘብ አልገዙትም ብዬ እገምታለሁ፤ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ እሳቸው ያውቁታል።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። የብልቃጡን ጀርባ ፎቶ እንዲልኩልሽ አድርጊና ለቀጣዩ ክትትላቸው የንጥረ ነገሩን ዝርዝር አትመሽ ላኪላቸው፤ የካንሰር ሐኪማቸው ይየው። ጥቂት ቀን ወስደው ቢሆን ኖሮም አትደንግጡ፣ አቁመው ለሐኪሙ ይንገሩ እል ነበር። ታሞክሲፌኑን በአንድም ቀን እንዳያቋርጡ፤ ማኅፀናቸው ደም ካሳየ ወይም እግራቸው በአንድ ወገን ካበጠ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ሐኪም ቤት ይሂዱ። በየዓመቱ የማሞግራም ቀናቸውን አንቺም ስልክሽ ላይ መዝግቢው። ቀጣዩን እንክብል ልትገዢበት የነበረውን ገንዘብ ደግሞ ለታክሲ ላኪላቸው፤ ከሰፈራቸው ሴቶች ጋር ጧት ጧት ወክ እንዲሄዱ። እንቅስቃሴ ከሕክምና በኋላ ለድካምም፣ ለአጥንትም፣ ለልብም እንደሚረዳ ጥርጥር የለንም።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው የምሠራው፤ 41 ዓመቴ ነው። አንድ ክሊኒክ በቴሎሜር ምርመራ “እውነተኛ ዕድሜዎን” እንነግርዎታለን ይላል። ላድርገው?
— ሰ.

መልስ፦ ገንዘብህን አትስጣቸው። የሚለኩት የነጭ የደም ህዋስ ቴሎሜር አማካይ ርዝመት ነው። እኩል ጤነኛ የሆኑ ሁለት የ41 ዓመት ሰዎች በሺዎች በሚቆጠር ፊደል ሊለያዩ ይችላሉ፤ የመለኪያ ዘዴው ሲቀየርም ቁጥሩ ይቀየራል። ምርመራው እውነተኛ ጥቅም ያለው በቤተሰቡ ውስጥ ምክንያቱ ያልታወቀ የሳንባ መደደር፣ የመቅኔ መድከም ወይም በሃያዎቹ ዕድሜ የጀመረ ሽበት አብረው ለታዩበት ሰው ነው፤ ያኔም ስፔሻሊስት ሲያዝዘው። በአንተ ዕድሜ ስለ ነገ የሚነግሩህ ደም ግፊትህ፣ ስኳርህና የምታጨሰው ሲጋራ ናቸው። ካጨስህ።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። አይጥ ከሰው የረዘመ ቴሎሜር አላት የሚል አነበብኩ። ታዲያ ለምን ሁለት ሦስት ዓመት ብቻ ትኖራለች?
— ቤ.

መልስ፦ ይህን የጠየቅህ ልጅ ሆይ፣ ጥያቄህ ትልልቅ ሰዎችን ያስቸገረ ነው። የላብራቶሪ አይጥ ቴሎሜር በእርግጥ ከእኛ ብዙ እጥፍ ይረዝማል፤ በብዙ የሰውነቷ ክፍልም ቴሎሜሬዝ እንደበራ ነው። ሳይንቲስቶች በ1990ዎቹ መጨረሻ ቴሎሜሬዝ የሌላቸው አይጦች ፈጥረው ነበር። የመጀመሪያዎቹ ትውልዶች ደህና ኖሩ፤ ጉዳቱ በግልጽ የወጣው ዘርፉ ከእናት ወደ ልጅ እያለቀ እስከ 6ኛው ትውልድ ሲደርስ ነው። አይጥ የምታረጀው በቴሎሜር አይደለም ማለት ነው። ትንሽ ስለሆነች ድመትና ጭልፊት ይጨርሷታል፤ ተፈጥሮም ለመቶ ዓመት የሚሆን ፍሬን አልሠራላትም። እኛ ግን ብዙ ህዋስ ያለን፣ ብዙ ዓመት የምንኖር ፍጡራን ነን፤ አንዱ ህዋስ የሚያፈነግጥበት ዕድል ብዙ ስለሆነ ጥብቅ ፍሬን አስፈልጎናል።

ትምህርት ቤታችሁ ማይክሮስኮፕ ካለ መምህርህን አስፈቅድ። አንድ ቀይ ሽንኩርት በብርጭቆ ውኃ አፍ ላይ አስቀምጥና በሦስተኛው ቀን የወጣውን ነጭ ሥር ጫፉን ቁረጥ። መምህርህ በአሲድ አለስልሰው በቀለም ያስነክሩልሃል። በመስታወት መሐል ጠፍጥፈህ እየው። ክሮሞዞሞቹ ወደ ሁለት ወገን ሲሄዱ ስታገኝ መሐላቸው ባዶ መሆኑን ልብ በል፤ አንድም ክር አልተወጠረም። ሥዕሉን በእርሳስ ንደፈውና ላክልኝ።